ማሃባራታን በስቴላሪየም መፈተሽ፦ የአንድ የሰማይ ሶፍትዌር ግምገማ

የኩሩክሼትራ ጦርነት መቼ ተካሄደ? ይህን ጦርነት በሚተርከው በጥንቱ የሕንድ ረጅም ግጥም በማሃባራታ ውስጥ የተጠቀሱትን የጨረቃና የፕላኔቶች ቦታዎች ይዘው ሰማዩን ወደ ኋላ ያሰሉ ሰዎች 5561፣ 3067፣ 2449 እና 1478 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) የሚሉ መልሶች ሰጥተዋል። የሚያነቡት ያንኑ ግጥም፣ የሚያሰሉት ያንኑ ሰማይ ነው፤ በቀደመውና በኋለኛው መልስ መካከል ግን ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ልዩነት አለ። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ቀን የሚያቀርብ ሰው አብሮ የሚያያይዘው ከሰማይ ሶፍትዌር ላይ የተነሳ ምስል ነው፤ ማንም በነጻ አውርዶ ሊፈትሽበት የሚችለው ደግሞ ስቴላሪየም ነው። እዚህ የምንገመግመው ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ነው። ለዛሬ ማታ ሰማይ ግሩም መሆኑን ሌሎች ብዙ ጊዜ ጽፈውታል።

ዋጋ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። የስልኩ ስሪት ሌላ ነገር ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚያስፈልጉት የስሌት መስኮቶች ያሉት በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ጫን ብሎ መክፈት ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቅንብሩን እንዳለ ትቶ ወደ 5 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ መዝለል ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ ቦታ። ኤፍ6 ተጭነው ኩሩክሼትራን ያስገቡ፤ በሕንድ ሃርያና ግዛት፣ ሰሜን 29.97፣ ምሥራቅ 76.88 ዲግሪ። እዚያው መስኮት ላይ የሰዓት ክልሉን ወደ አካባቢው አማካይ የፀሐይ ሰዓት ይቀይሩ። የሕንድ መደበኛ ሰዓት የተመሠረተው በ82.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ኩሩክሼትራ ከእሱ 22 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። ጀንበር መጥለቂያን በደቂቃ ለሚከራከር ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ ዓመት፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኤፍ5 ሲከፈት ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው እንደ ሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ነው፤ ዜሮ የሚባል ዓመት አለው፤ እሱም 1 ቅ.ል.ክ. ነው። ስለዚህ 3102 ቅ.ል.ክ.ን ለማየት የሚጻፈው −3101 ነው። −3102 ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ዓመት ስቷል። አንድ ዓመት ከአምስት ሺህ ምን አላት አይባልም፤ ጁፒተር በዓመት 30 ዲግሪ ያህል፣ ሳተርን 12 ዲግሪ ያህል ይሄዳሉ። የጨረቃ መንገድ በ27 ናክሻትራ ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው። በአንዲት ቁጥር ስህተት ጁፒተር ከሁለት ናክሻትራ በላይ ዘሎ ይገኛል። ከ1582 በፊት ያሉ ቀኖች ሁሉ በዩልዮስ አቆጣጠር መታየታቸውንም አይርሱ፤ በሌላ ምንጭ ላይ በጎርጎርዮስ የተሰላ ቀን ካገኙ ሳይቀይሩ አያስገቡት።

ሦስተኛው የምድር መዘግየት ነው። ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ የምትዞርበት ፍጥነት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ስለመጣ በሰዓት ቆጣሪና በምድር ዙረት መካከል ዴልታ ቲ የሚባል ልዩነት ይጠራቀማል። በ3102 ቅ.ል.ክ. 21 ሰዓት ተኩል ያህል ይደርሳል፤ ለ5561 ቅ.ል.ክ. ያንኑ ቀመር ብንዘረጋው ሁለት ሙሉ ቀን ይሆናል። ስቴላሪየም ኤፍ2 ውስጥ፣ የጊዜ ትሩ ላይ ብዙ የዴልታ ቲ ቀመሮች አሉት፤ «ያለ እርማት» የሚል ምርጫም አለ። ያንን የመረጠ ሰው ጨረቃን 12 ዲግሪ ያህል ያዛንፋታል፤ አንድ ናክሻትራ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስህተት ነው። የጠቋሚውን ቀስት ከታች ባለው ቀን ላይ ሲያሳርፉ የተሠራበት ዴልታ ቲ ይወጣል፤ ምስል የሚያነሳ ሁሉ ይህችን ቁጥር አብሮ ቢያነሳ ግማሹ ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

ይህ ለግርዶሽ ሲሆን ይብሳል። የኤስፔናክና ሜውስን ቀመር ትተው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የእነ ስቴፈንሰንን ቢመርጡ በ3102 ቅ.ል.ክ. ዴልታ ቲ በ18 ደቂቃ ያህል ይለወጣል። በ18 ደቂቃ ምድር 4 ዲግሪ ተኩል ትዞራለች፤ በኩሩክሼትራ ኬክሮስ ይህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሙሉ ግርዶሽ የሚታይበት ጥላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በአንዱ ቀመር ኩሩክሼትራ ላይ ቀኑን ያጨለመው ግርዶሽ በሌላው ከፊል ሆኖ ያልፋል። ሁለቱም ቀመሮች የተሠሩት ከታወቁ ጥንታዊ ምልከታዎች ሲሆን ከ720 ቅ.ል.ክ. ወዲያ ያለው በኩርባ የተዘረጋ ግምት ነው። «ሶፍትዌሩ በዚያ ቀን ኩሩክሼትራ ላይ ሙሉ ግርዶሽ ያሳያል» የሚል አረፍተ ነገር የዴልታ ቲ ቀመሩ ስም ካልተጠቀሰ ባዶ ነው።

ለፕላኔቶቹ ቦታ ሶፍትዌሩ ሲጫን የሚጠቀመው ቪኤስኦፒ87 የሚባለውን ስሌት ነው። ለጁፒተርና ለሳተርን ሙሉ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህና ወዲያ 2 ሺህ ዓመት ነው፤ ማለትም ወደ ኋላ እስከ ክርስቶስ ልደት አካባቢ። የሚገርመው፣ የማሃባራታን ቀን ፈላጊዎች በዋነኛነት የሚደገፉት በእነዚሁ ሁለት ፕላኔቶች ነው። መፍትሔው ዲኢ431 የተባለውን የናሳ ጄፒኤል ፋይል ለብቻ አውርዶ ማብራት ነው፤ እስከ 13 ሺህ ቅ.ል.ክ. ድረስ ይሄዳል። ከ2.5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሚመዝን ቀጭን ኢንተርኔት ያለው ሰው ሌሊት ማውረድ ይሻለዋል። ለ3100 ቅ.ል.ክ. በናክሻትራ ደረጃ ከቪኤስኦፒ87 ጋር በዓይን የሚታይ ልዩነት አያመጣም፤ ግን ተከራካሪ ምክንያት እንዳያገኝ ያደርጋል።

የሰማይ ባህሎች ዝርዝር ውስጥ የሕንዱን መምረጥ ናክሻትራዎቹን በስማቸው ያመጣል፤ ከዚህ በላይ የሚያስደስት ነገር በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ጥቂት ነው። ወጥመድም አለበት። የሚያሳየው የከዋክብት ስብስቦቹን እንጂ እኩል የተከፈሉትን 27 ክፍሎች አይደለም። ለምሳሌ የሽራቫና ኮከብ አልቴር ነው፤ አልቴር ከፀሐይ መንገድ 29 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ ጨረቃ አጠገቧ ደርሳ አታውቅም። «ጨረቃ ሽራቫና ላይ ነበረች» ሲባል ክፍሉን ማለት ነው። ክፍሉ የሚለካው ከየት ተነስቶ እንደሆነ ደግሞ ግጥሙ አይናገርም፤ ፈታሹ አስቀድሞ ወስኖ መጻፍ አለበት። ካየ በኋላ ከወሰነ ዋጋ የለውም።

ለመለማመጃ የካሊ ዩጋን (በሕንድ ትውፊት አሁን ያለንበትን ዘመን) መነሻ ይክፈቱ፤ የካቲት መሆኑ ነው፣ በዩልዮስ ፌብሩዋሪ 18 ቀን −3101። የጥንት የሕንድ ሥነ ፈለክ ሊቃውንት በዚያች ቅጽበት ፕላኔቶች ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው ነበር ይላሉ። አሪያባታ እ.ኤ.አ. በ499 ገደማ፣ 23 ዓመት ሲሆነው 3600 የካሊ ዓመታት አልፈው እንደነበር ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ634 በሕንድ አይሆሌ የተቀረጸው ጽሑፍም የባራታን ጦርነት፣ ማለትም ይህንኑ ጦርነት፣ በ3735 ዓመት ያስቀድመዋል። ከባቢ አየሩን በኤ፣ መሬቱን በጂ አጥፍተው የፀሐይን መንገድ ሲያበሩ የሚታየው ግን ከሳተርን እስከ ጁፒተር 40 ዲግሪ ያህል የተበተነ ሰልፍ ነው። ሰልፉ ዓይን ይስባል፣ መሰብሰብ ግን አይደለም። 3102 የተገኘው በኋለኛ ዘመን ሰዎች አማካይ ፍጥነቶችን ወደ ኋላ አስልተው ሁሉም ዜሮ ላይ የሚገናኙበትን ነጥብ ሲፈልጉ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አይቶ የመዘገበው አይደለም። ስቴላሪየም ይህን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስላሳየ ብቻ መጫኑ ይገባዋል።

ወደ ጦርነቱ ምልክቶች ስንመጣ ኤፍ10 ላይ ያለው የስሌት መስኮት ዋናው መሣሪያ ነው። የኤፌሜሪስ ትሩ ላይ ሳተርንን መርጠው፣ በ10 ቀን ርምጃ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በማይበልጥ ክፍተት ሠንጠረዥ ያውጡና ወደ ኤክሴል ይላኩት። አንድ ሺህ ዓመት በአንዴ ከጠየቁ መስኮቱ ደርቆ ይቀራል፤ የመገናኘት ክስተቶችን የሚፈልገው ትርም ለረጅም ዘመን በጣም ቀርፋፋ ነው። ቶሎ የሚያስኬደው ኤፍ12 ላይ በስክሪፕት መሥራት ነው፤ ቀኑን በርምጃ እያሳደጉ ቦታውን ወደ ፋይል የሚጽፍ አጭር ዑደት ይበቃል።

አሁን የምርጫው ብዛት ይታያችሁ። ሳተርን ሮሂኒ በተባለው ናክሻትራ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከ27 አንድ ነው፤ ጁፒተርም በአንድ በተወሰነ ናክሻትራ ከ27 አንድ። ሁለቱ አንድ ላይ ከ729 አንድ፤ በ5 ሺህ ዓመት ውስጥ ወደ ሰባት ጊዜ። «አጠገቡም ይቆጠራል» ብለን አንድ ናክሻትራ በዚህ፣ አንድ በዚያ ከፈቀድን ከ81 አንድ ይሆናል፤ ከ60 የሚበልጡ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ የሚገጥም ዓመት ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው አለማግኘት ነው።

ግጥሙ ራሱ ደግሞ አንድ ሰማይ አይሰጥም። በአንድ ቦታ ሳተርን ሮሂኒን ያስጨንቃል ይላል፤ ከግጥሙ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቢሽማ ፓርቫ መግቢያ ላይ ደግሞ ጁፒተርና ሳተርን ቪሻካ አጠገብ ዓመት ሙሉ ቆመዋል ይላል። ከሮሂኒ እስከ ቪሻካ 12 ናክሻትራ፣ 160 ዲግሪ ነው፤ ሳተርን ያንን ለመሄድ 13 ዓመት ይፈጅበታል። የ3067 ቀን አቅራቢዎች ከዚህ የሚወጡት በቢሽማ ፓርቫ «ግራሃ» የተባሉትን ፕላኔት ሳይሆን ጅራታም ኮከብ ናቸው ብለው በመተርጎም ነው። ቃሉ ሊሸከመው ይችላል፤ ግን ያልተመዘገበ ጅራታም ኮከብ በምንም ሶፍትዌር ውስጥ የለም፣ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። የማይመች ፕላኔት ሁሉ ጅራት ካበቀለ ፍተሻው ጉንጭ አልፋ ይሆናል።

በዚያው ምዕራፍ ላሞች አህያ ይወልዳሉ፣ የአማልክት ምስሎች ላብ ያልባቸዋል፣ ደም ይተፋሉ። አሩንዳቲ ቫሲሽታን ቀደመች የሚለው ዝነኛ መስመርም የሚገኘው በዚሁ የክፉ ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። አሩንዳቲ አልኮር፣ ቫሲሽታ ሚዛር የተባሉት ናቸው፤ በመካከላቸው የሙሉ ጨረቃ ሲሶ የሚያህል፣ 12 የቅስት ደቂቃ አለ። ዛሬ ሚዛር የሰማዩን መካከል ከአልኮር 78 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያልፋል። የምድር ዛቢያ አቅጣጫ በዘመናት ውስጥ ስለሚዞር በጥንት ጊዜ ይህ ተራ ይገለበጣል፤ ኤፍ3 ላይ ሁለቱን ፈልገው የዘመኑን ራይት አሰንሽን (የሰማይ ኬንትሮስ) ቢያነጻጽሩ እውነት መሆኑን ያያሉ። በዚህ ተመርኩዞ የቀረበው ክፍተት ከ11091 እስከ 4508 ቅ.ል.ክ. ነው። ሰማዩ ልክ ነው፤ ግን ከ6 ሺህ 500 ዓመት በላይ የሚሰፋ መስኮት ቀን አይባልም፤ የሰከንዶችንም ልዩነት ያለ መሣሪያ ያየ ዓይን መኖሩን ማሳየት የአቅራቢው ዕዳ ነው። አህያ የወለደችውን ላም ትቶ ኮከቡን ብቻ ለኮምፒውተር መስጠትም ምክንያት ይፈልጋል።

ያም ሆኖ የሰማዩ ክርክር በጥንት ሕንድ አውሮፕላን ነበረ ከሚለው የበራሪ ሠረገላ ክርክር ይሻላል። የጥንት አውሮፕላን ንድፍ ነው የተባለውን ጽሑፍ የባንጋሎር የሕንድ ሳይንስ ተቋም ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 መርምረው ከ1904 እንደማይቀድምና የተሳሉት ማሽኖች ሊበሩ እንደማይችሉ ጽፈዋል፤ እዚያ ላይ የሚፈተሽ ነገር አልቀረም። እዚህ ግን የጨረቃን ጉዞ እንደ ልብ መቁጠር ይቻላል።

እንቁጠር። ክሪሽና ለተቃራኒው ወገን ጦረኛ ለካርና «ከሰባት ቀን በኋላ ጨረቃ የምትሰወርበት ቀን ነው፤ ውጊያው ያን ቀን ይጀመር» ይለዋል፤ ናክሻትራውን የሚጠራው በጠባቂ አምላኩ ሲሆን ጀይሽታ መሆኑ ነው፣ 18ኛው። በሻልያ ፓርቫ ደግሞ የክሪሽና ወንድም ባላራማ በመጨረሻው፣ በ18ኛው የጦርነት ቀን ይደርስና «ከወጣሁ 42 ቀኔ ነው፤ በፑሽያ ሄድኩ፣ በሽራቫና ተመለስኩ» ይላል። የባላራማ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ድንቅ ነው፤ ጨረቃ በ27.3 ቀን አንድ ዙር ትጨርሳለች፣ በቀሪዎቹ 14.7 ቀናት ከ8ኛው ናክሻትራ ተነስታ 22ኛው ላይ ትደርሳለች፣ ይኸውም ሽራቫና ነው። ይህንን ያለው ሰው ጨረቃን ያውቃል።

ሁለቱን ግን አንድ ላይ ያድርጉ። በስቴላሪየም ጨረቃ ጀይሽታ ላይ የተሰወረችበትን ማናቸውንም ቀን ይክፈቱ፤ የትኛውም ዓመት ይሁን። የእኩል ምልክት ቁልፍ አንድ ቀን ይጨምራል፤ 17 ጊዜ ይጫኑት። ጨረቃ የምትቆመው ፑሽያ አካባቢ ነው፣ ከሽራቫና ፊት ለፊት፣ በሰማዩ ሌላኛው ጎን። ዓመቱን እንደፈለጉ ይቀያይሩ፣ 17 ቀን 17 ቀን ነው። የባላራማን ቃል ከተቀበልን ጦርነቱ የጀመረው ጨረቃ ምሪጋሺራ (5ኛው ናክሻትራ) አካባቢ ሳለች፣ በሙሉ ጨረቃ ገደማ ነው።

የጦር አዛዡ የቢሽማ ቃል የክሪሽናን ቀን ይደግፋል። በ10ኛው ቀን ይወድቅና ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትመለስ በቀስት አልጋ ላይ ይቆያል፤ «58 ሌሊት ሆነኝ» ይላል፣ ወሩ ማጋ፣ ጨረቃ እየሞላች ነው። ጦርነቱ ጨረቃ ከተሰወረችበት ቀን ቢጀምር እስከዚያ 67 ቀን ይሆናል፤ ከሁለት የጨረቃ ወር 59 ቀን ሲቀነስ 8 ይቀራል። ዛሬም በሕንድ የቢሽማ መታሰቢያ የሚውለው በማጋ ስምንተኛው የብርሃን ቀን ነው። በሙሉ ጨረቃ ጀመረ ካልን ግን ያ ቀን ጨረቃ እየጎደለች ባለችበት ግማሽ ይውላል።

የሌሊቱ ውጊያ ደግሞ ጨረቃ ዘግይታ የምትወጣበት ስለሆነ የባላራማን ቃል ይደግፋል። በ14ኛው ቀን የክሪሽና ወዳጅ አርጁና ጀንበር ሳትጠልቅ ጠላቱን ጃያድራታን እገድላለሁ ብሎ ምሏል፤ ክሪሽና ፀሐይን ያጨልማል፣ ጃያድራታ መሸልኝ ብሎ ሲዘናጋ ይገደላል፣ ፀሐይም ተመልሳ ትታያለች። ይህን ግርዶሽ ነው ብለው ቀን የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ኤፍ10 ላይ የግርዶሽ ትሩን ከፍተው ለኩሩክሼትራ የሚያወጡት ዝርዝርም አይነጥፍባቸውም። ግን ገጹን ገልጦ ወደዚያው ቀን ሌሊት መሄድ ነው። ጦርነቱ አልቆመም፤ በጨለማ በችቦ ይዋጋሉ፣ እንቅልፍ ያዳፋቸዋል፣ አርጁና ጨረቃ እስክትወጣ ተኙ ይላቸዋል፣ ሌሊቱ ገፍቶ ጨረቃ ትወጣና እንደገና ይነሳሉ። በስቴላሪየም የትኛውንም የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ይክፈቱና ኤል ቁልፍን ተጭነው ሰዓቱን እስከ ንጋት ያስኪዱት። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ሆና ትጠልቃለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ምሥራቁ ባዶ ነው።